ቅሌን ታቅፌ አሰላ ደርሼ መጣሁ

አሰላን መጨረሻ ያየኋት ጉልበቴ ሳይከዳኝ ነው፤ ያኔ ለሕክምና ነበር። ዘንድሮ ግን የወሰደኝ ሥራ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ሥራ! አስካለ እባላለሁ፣ ከበቆጂ ከተማ ወጣ ብሎ ነው ቤቴ። ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ የልጄ ልጅ መቅደስ ትጽፋለች። እሷን የሚነካ ቦታ ላይ ስደርስ ብዕሯ ቀስ እንደሚል አውቃለሁ፤ ቢሆንም አንድም ሳታስቀሪ ጻፊ ብያታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መቅደስ በቆጂ ውስጥ አንድ ማሠልጠኛ የወተት ሥራ ታስተምራለች፤ ገና የመጀመሪያ ዓመቷ ነው። የአሰላ፣ የአቦምሳና የበቆጂ ማሠልጠኛዎች ተነጋገሩና እያንዳንዳችን የየራሳችንን ከምናዘጋጅ አንድ ትምህርት አብረን ሠርተን ሦስታችንም እንጠቀምበት ተባባሉ። ትምህርቱ መጽሐፍ እንዳይመስላችሁ። በኮምፒውተርና በስልክ ነው፤ ምስል አለው፣ ድምፅ አለው። ይጠይቃል፣ ተማሪዋ በጣቷ ነክታ ትመልሳለች፣ ከዚያ ልክ ነሽ ወይም ተሳስተሻል ይላታል። ለመቅደስ የደረሳት ክፍል በእጅ ቅቤ ማውጣት ነው። እስከ ዓርብ ሦስቱም ካልተስማሙበት ግን ይሰረዝና በመብራት የሚሠራው የቅቤ ማሽን ብቻ ይቀራል።

"ማሽኑ ብቻ ቢቀርስ ምን አለበት?" አልኳት።

"እማዬ፣ ከተማሪዎቼ ግማሾቹ ቤት መብራት የለም። ተመርቀው ሲሄዱ በምን ይሥሩ?" አለችኝ። ቆይታ ደግሞ ቀስ ብላ፣ "የመጀመሪያ ሥራዬም ነው" አለች።

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"ስትንጪ እንቀርጽሻለን።"

እሺ አልኩ። ለእሷ ብዬ ነው። ደግሞ ልዋሽ አልችልም፣ የእጄ ሥራ ትምህርት ሆነ መባሉም ደስ ብሎኛል።

ሰኞ ከሰዓት፣ ቤቴ

መንገደኛ ልብሱን ያጥባል፤ እኔ መናጫ ቅሌን አጠብኩ። በግራዋ ቅጠል ውስጧን ፈትጌ፣ ፀሐይ ላይ አድርቄ፣ በወይራ አጠንኳት። ይህች ቅል ከቆላ የመጣች ናት፤ በእኛ ብርድ ቅል አይበቅልም። ከአቦምሳ በኩል የመጣ ነጋዴ ነው የሸጠልኝ፣ መቅደስ ሳትወለድ።

ላሜን ለጎረቤቴ ለፋጡማ አደራ ሰጠሁ። "ወተቱን አጠራቅሚልኝ፣ ቅዳሜ መጥቼ እንጠዋለሁ" አልኳት።

"ቅሏን ይዘሽ ልትሄጂ ነው? እዚያ ቅል የለም?" አለችኝ።

"በሰው ቅል እጄ አይሠራም" አልኳት።

ማክሰኞ፣ መንገድ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ደረስን። ብርዱ አጥንት ይገባል። ሯጮቹ ልጆች ከልምምድ ሲመለሱ ከትከሻቸው ላይ ላቡ እንደ ጭስ ይወጣል። ሚኒባሱ ሊሞላ ሁለት ሰው ሲቀረው እኛ ደረስን። ረዳቱ ያቀፍኩትን አየ። ቅሏን በነጠላ ጠቅልያት ነበር።

"እናቴ፣ እሱን ከላይ ፖርቶ መጋላው ላይ እንጫነው።"

"አይጫንም።"

"ምንድን ነው?"

"ቅል።"

"ምን አለበት ውስጡ?"

"ባዶ ነው።"

"ባዶ ቅል ይዘው አሰላ ምን ሊሠሩ ነው?"

"ላስተምር ነው" አልኩት። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። መቅደስ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች።

"እንዲያ ከሆነ ለመምህርቷ ጠጋ በሉ!" አለና ረዳቱ የፊተኛውን ወንበር አስለቀቀልኝ። ሒሳብ ሲሰበስብ መቶ ሃምሳ መቶ ሃምሳ ብር ነው የተቀበለን፤ "ለቅሏ ተውኩላችሁ፣ ቦታ አልያዘችም" አለ።

ካካ ተራራ ከኋላችን ቀረ። የስንዴው ማሳ ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ላይ ኮምባይነር ገብቶ ይበላዋል። ድሮ መንደር ሙሉ ሰው ሳምንት የሚያጭደውን ከቁርስ እስከ ምሳ ይጨርሰዋል። ከኋላው ሴቶች ቃርሚያ ይለቅማሉ። ማሽኑ የሚያስቀረው ነገር ሁልጊዜ አለ ማለት ነው፤ ያን እያየሁ ይህን አሰብኩ።

ሳጉሬ ላይ መኪናው ሲቆም የተቀቀለ ድንች የያዙ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። በሃያ ብር አራት ገዛን፣ ሚጥሚጣው በወረቀት ተጠቅልሎ ነው። ከዚያ ወዲያ ጭላሎ ተራራ በቀኝ በኩል ወጣ፤ ጫፉ ላይ ደመና ተቀምጦበታል። መቅደስ ግን ጭላሎንም ድንቹንም አላየችም። ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ዘርግታ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

"እማዬ፣ ቅቤው በስንት ደቂቃ ነው የሚወጣው?"

"ሲወጣ ይወጣል።"

"እንደዛ ተብሎ አይጻፍም። አርባ አምስት ብዬዋለሁ። መጽሐፉ እንደዛ ነው የሚለው።"

"መጽሐፉ የት አገር ሰው ነው?" አልኳት።

ሳቀችና ወደ ኮምፒውተሯ ተመለሰች።

ማክሰኞ ረፋድ፣ አሰላ

አሰላ አድጋለች። ፎቁ፣ ባጃጁ፣ በባጃጁ መሃል ደግሞ አሁንም የፈረስ ጋሪው። ፀሐዩ ከእኛ ይሻላል፤ ጋቢዬን አወለቅኩ። ባጃጅ ይዘን ማሠልጠኛው ግቢ ገባን፤ ትልልቅ ጽድ አለበት፣ ከጀርባው የላሞች በረት።

እዚያ ሦስት ሰዎች ነበሩ። የሁሉም አለቃ መምህር ፈይሳ ናቸው፣ የአሰላ ሰው፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቁጥብ። በሁለት እጃቸው ጨብጠው "አዴ አስካለ፣ እንኳን ደህና መጡ" አሉኝ። ካሜራውንም ኮምፒውተሩንም የሚሠራው ሮቤል ይባላል፤ ቀጭን ነው፣ አንገቱ ላይ የማይጠፋ የጆሮ ማዳመጫ አለው። ሦስተኛዋ ኑሪያ ናት፤ ከአቦምሳ የመጣች መምህርት፣ ሻርፗን ወደ ኋላ ጣል ያደረገች፣ ሳቋ እስከ በረቱ ይሰማል።

"ከበቆጂ ናችሁ? በሉ ሹራባችሁን አውልቁ፣ እዚህ ሰው ይኖራል" አለችና ከአቦምሳ ያመጣችውን ማንጎ ዘረጋችልን።

"ይቺ ደግሞ ያገርሽ ልጅ ናት" ብዬ ቅሏን ሰጠኋት። በጣቷ መታ መታ አድርጋ ጆሮዋን ጠጋ አደረገች።

"ወላሂ እውነት ነው! የኛው ናት። ብርዱ ምንም አላደረጋትም።"

ያን ጊዜ ነው የወደድኳት። ቅል በዓይኑ የሚያይ ሰው ብዙ ነው፤ እሷ ግን በጆሮዋ አየቻት።

መምህር ፈይሳ የረጋውን ወተት አሳዩን። ከበረቱ ላሞች ለሦስት ቀን ያጠራቀሙት ነው። "ያለችን ይቺ ብቻ ናት" አሉ። "ሌላ እስኪረጋ ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ዓርብ ደግሞ ከፊታችን ነው። ነገ በአንዴ ማለቅ አለበት።"

መቅደስ ራሷን ነቀነቀች። ሌሊቱን በደንብ አልተኛችም፤ ያደርንበት ክፍል አልጋው አንድ ስለነበረ አውቃለሁ።

ረቡዕ፣ ቀረጻ

ረቡዕ ጾም ነው። ሽሮ በልተን ገባን። ሮቤል ጥንዚዛ የምታህል ነገር ደረቴ ላይ ሰካ፣ "ድምፅዎን የምትሰማ ናት" አለኝ። ከዚያ ሁለት መብራት ፊቴ ላይ አበራ። እርጎውን ቅሌ ውስጥ ገለበጥኩ፣ አፏን ከደንኩ፣ ጭኔ ላይ አስተኛኋት፣ ጀመርኩ። ወዲህ፣ ወዲያ። ወዲህ፣ ወዲያ።

ትንሽ ቆይቶ ሮቤል ከካሜራው ጀርባ ወጣ።

"እማማ፣ ነጠላውን ከቅሏ ላይ ያንሱልኝ፣ አልታየችኝም።"

ዝቅ ብዬ ሳይ እውነትም ነጠላዬ ቅሏን ከአፏ እስከ ቂጧ አልብሷታል። አነሳሁት። ሮቤል ወደ ቦታው ተመለሰ። እኔም ቀጠልኩ።

"እማማ! ነጠላው!"

አሁንም አነሳሁ። "ይቅርታ ልጄ" አልኩት። እውነቴን ነው፣ መቼ እንዳለበስኳት አላውቅም። እኛ ቤት ወተት ለዓይን አይሰጥም። እንግዳ ከገባ ይሸፈናል፣ ሲናጥ ይሸፈናል። እናቴ እንደዛ ነበረች፣ እኔም ሕይወቴን ሙሉ እንደዛው። ፊቴ ላይ ደግሞ ሁለት መብራትና ያ ትልቅ የመስተዋት ዓይን ተገትሯል። እጄ እኔን ሳይጠይቅ ሸፈነ።

ሦስተኛ ጊዜ ሲነግረኝ መቅደስ መጥታ ነጠላውን ከትከሻዬ ወሰደች። በርዶኝ ደግሞ ተቀብዬ መልሼ ለበስኩት። ከዚያ በኋላ ሮቤል ዝም አለ። እኔም የሚነግረኝ ሲጠፋ ተስተካክሏል ብዬ ሥራዬ ውስጥ ገባሁ። ቅቤው ሲወጣ አቆምኩ፣ ከፈትኩ፣ ቢጫ እንቁላል የሚያህል ድብልብል አውጥቼ በውሃ አጠብኩት። ኑሪያ ቀመሰች፤ እኔ ጾም ስለሆነ አልቀመስኩም።

"አቤት ሽታው!" አለች። ሁላችንም ደስ ብሎን ተለያየን።

ሐሙስ፣ ማሽኗ ተሳስተሻል ያለችኝ ቀን

ጠዋት አንድ ክፍል ውስጥ ትልቅ ስክሪን ፊት ተቀመጥን። ሮቤል ከፈተው። የማየው እኔን ነው፤ ጭኔ ላይ ደግሞ አንድ ነጠላ ወዲህ ወዲያ ይላል። ከነጠላው በቀር ምንም የለም። ኑሪያ በሻርፗ አፏን ያዘች።

"ሮቤል፣ ምንድን ነው ይሄ? ሕፃን ስታስተኛ ነው የቀረጽካት?"

"ሦስቴ ነግሬያቸዋለሁ" አለ ሮቤል። "አራተኛ ልናገር ስል አፈርኩ፣ እናት ናቸው።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። ወተቱ አልቋል፣ ሌላ እስኪረጋ ዓርብ ያልፋል፣ የልጄን ልጅ ሥራ በነጠላ ሸፍኜ ገደልኩት። መቅደስን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

መምህር ፈይሳ አልተቆጡም። "እስቲ ጥያቄዎቹን እንያቸው" አሉ። መቅደስ የጻፈችውን በስልኳ ላይ አወጣች። አንደኛው እንዲህ ይላል፦ ቅቤው በስንት ደቂቃ ይወጣል? ሠላሳ፣ አርባ አምስት፣ ስድሳ። "አዴ አስካለ፣ እስቲ እርስዎ ይንኩ" አሉኝ። ቁጥሩን መቅደስ አነበበችልኝ። በእኛ አገር፣ በተለይ በዚህ በኅዳር መባቻ ብርድ፣ ከአንድ ሰዓትም ያልፋል። ስድሳውን ነካሁ። ስክሪኑ ቀላና እንደ ተርብ ጮኸብኝ። ተሳስተሻል ነው የሚለው አሉኝ።

ኑሪያ ተነሳች። "በእኛ አገር ሙቀት በአርባ አምስት ደቂቃ ቅቤ ሳይሆን ዘይት ነው የሚቀዳው" ብላ ሠላሳውን ነካች። እሷም ላይ ጮኸ። መምህር ፈይሳ አርባ አምስትን ነኩ። አረንጓዴ ሆነና አጨበጨበላቸው።

"አያችሁ! አሰላ ላይ ነው የተሠራው፣ ለአሰላ ያደላል" አለች ኑሪያ።

"ኧረ እሱም አይደለም" አለ ሮቤል ሰዓቱን እያየ። "ትናንት እዚሁ አሰላ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀባቸው።"

መምህር ፈይሳ መነጽራቸውን አወለቁ። "መቅደስ፣ አንቺን ለመውቀስ አይደለም" አሉ። "ግን ምስሉ አይታይም፣ ቁጥሩም ለሦስታችን አይሆንም። የማሽኑ ትምህርት ተዘጋጅቶ አልቋል። በእጅ ያለውን ብንተወው ይሻላል።"

እነሱ ሲነጋገሩ ትልቁ ስክሪን አልተዘጋም ነበር፤ ሮቤል ምስሉን ወደ ኋለኛው ክፍል አሳልፎታል። የኔ ነጠላ አሁንም ወዲህ ወዲያ ይላል። እኔ ከሐፍረቴ የተነሳ ጀርባዬን ሰጥቼው በመስኮት ጽዱን አያለሁ። የቅሏ ድምፅ ከኋላዬ ይመጣል። መጀመሪያ ቦጭረቅ ቦጭረቅ ትላለች፣ ኩሬ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው። ከዚያ ትደፈናለች፤ አፏን እንደያዟት ትታፈናለች። ክንድ የሚከብደው ያኔ ነው። ከዚያ ድንገት...

"ወጣ" አልኩ።

"ምኑ?" አሉ መምህር ፈይሳ።

"ቅቤው። አሁን ወጣ።"

ሮቤል ሰዓቱን ጻፈ። ምስሉን ወደ ኋላ መለሰና ከሌላ ቦታ ጀመረው። እኔ አሁንም ወደ ጽዱ ዞሬያለሁ። "ወጣ" አልኩ። ሮቤል "አንድ ቦታ ላይ ነው" አለ፤ ድምፁ ተለውጧል።

"እኔን ሞክሩኝ" ብላ ኑሪያ ዓይኗን ጨፈነች። የአቦምሳ ልጅ፣ የቆላ ልጅ! ልክ እኔ ባልኩበት ላይ ጣቷን አነሳች። "ፈሳሹ ከጠጣሩ ሲለይ ነው" አለች። "ዱብ ዱብ ይላል። እናቴ ጋ ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ!"

መምህር ፈይሳ ሞከሩና በጣም አሳለፉ። "በእኛ ቤት ወንድ ልጅ መናጫ አጠገብ አይደርስም" ብለው ሳቁ። ቀጥሎ ሁሉም ወደ መቅደስ ዞሩ።

መቅደስ ዓይኗን ጨፈነች። ገና በታፈነበት ላይ ጣቷን አነሳች። አንዴ ደገሙላት። አሁን ደግሞ አለፋት። ኑሪያ ልትቀልድ አፏን ከፈተችና የመቅደስን ፊት ስታይ ተወችው። መቅደስ ኮምፒውተሯን ዘግታ ወጣች።

ተከትያት ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

"ላስተምረው ነው የመጣሁት፤ እኔ ራሴ አልሰማውም" አለችኝ።

"ማን አስተምሮሽ ትሰሚዋለሽ?"

"አንቺ ጋ አይደል ያደግኩት?"

"አዎ። መናጥ ስጀምር መጥተሽ አጠገቤ ስትቀመጪ ምን እልሽ ነበር?"

ቀና አለች። "ወደ ደብተርሽ ሂጂ ትዪኝ ነበር" አለች።

እንግዲህ ይህን ነው ሁሉንም ጻፊ ያልኳት። እኔ ነኝ ያባረርኳት። እኔ ፊደል ስላልቆጠርኩ እሷ እንድትቆጥር ብዬ ከቅሏ አራቅኳት። ጥፋት ነው አልልም፤ መምህርት ሆናለች። ግን አንዱን ለመስጠት ሌላውን መንጠቅ ያለብኝ ለምን መሰለኝ? ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ብትቀመጥ ምን ነበረበት? ጆሮ እኮ ደብተር አይሻማም። ይህንን ለማሰብ አሰላ ድረስ መሄድ ነበረብኝ።

"ስልክሽ ላይ ያ ድምፅ አለ?" አልኳት። ሮቤል ልኮላት ኖሯል። የጆሮ ክሩን አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለእሷ አደረግንና ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ድምፁ ሊለወጥ ትንሽ ሲቀረው እጇን እይዛለሁ፣ ሲለወጥ ጨበጥ አደርጋታለሁ። ድምፁን ወደ ኋላ ትመልሰዋለች፣ እንደገና። ስንቴ እንደሆነ አልቆጠርኩም። የኔ ቅል በሦስት ቀን አንዴ ነው ይህን የምትናገረው፤ ያመለጠው ሰው ሦስት ቀን ይጠብቃል። ይህቺ ስልክ ግን ደጋግማ ትናገራለች፣ አትሰለችም፣ ወተትም አትጨርስም። ማሽን ላይ የነበረኝ ቂም ያን ጊዜ ወጣልኝ። በመጨረሻ እጇን ሳልጨብጣት እሷ ጨበጠችኝ። በቦታው።

ተነስታ ገባች። እኔም ተከተልኩ።

"መምህር፣ በስንት ደቂቃ የሚለውን አወጣዋለሁ" አለች ቆማ። "ተማሪዋ ትስማ፣ ቅቤው ወጣ ያለች ጊዜ ትንካ። ሰዓቱ በየአገሩ ይለያያል፣ ድምፁ ግን ኑሪያም እማዬም የሰሙት አንድ ነው። ደቂቃው ባዶ ይተውና በእናንተ አገር ስንት ፈጀ ብሎ ይጠይቅ፤ እያንዳንዷ የራሷን ትጻፍ።"

"ምስሉስ?"

"ነጠላው ይቆይ። ከታየማ አይሰሙም።"

መምህር ፈይሳ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና "ለሦስቱም የሚሆን ከሆነ ነገ እስከ ስድስት ሰዓት አሳዩኝ" አሉ። ኑሪያ ድምፁን አቦምሳ ላሉ ተማሪዎቿ በስልክ ልትልክላቸው ቃል ገባች። ሐሙስ ስለሆነ የትናንቱን ቅቤ በትኩስ ዳቦ በላን፤ ሮቤል ሁለት ጊዜ ደገመ።

ዓርብ፣ እስከ ስድስት ሰዓት

ጠዋት ስንገባ ኑሪያ ፊቷ ጠቁሯል። "ተማሪዎቼ ምንም አልሰማንም አሉ፤ አንዷ መጀመሪያ ላይ ነካች፣ አንዷ መጨረሻ ላይ፣ ሌሎቹ ተዉት" አለች። መቅደስ ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

"እስቲ ለእኔ አሰሙኝ" አልኩ።

ሮቤል ከፈተው። ሰማሁ። ንጹሕ ነው፣ ጥርት ያለ ነው። የሆነ ነገር ወዲህ ወዲያ ይላል።

"ቅሌ የታለች?" አልኩት።

"ይቺው ናት እማማ። ማታ አጽድቼው ነው። ከጀርባ ብዙ ጫጫታ ነበረበት፤ ዱብ ዱብ የሚል፣ የሚንኳኳ ነገር..."

"ጫጫታ ያልከው ቅቤው ነው" አልኩት።

ኑሪያ ጠረጴዛውን እየመታች ሳቀች፤ "ቅቤውን አጥቦ ደፋው! አቦ ሮቤል፣ ወንድ መሆንህ ነው!"

"ያልጸዳው አለህ?" አለች መቅደስ። ሳቅ የለባትም። ሰዓቱ አራት አልፏል።

ነበረው። ዶሮ የሚጮህበት፣ ባጃጅ ጡሩንባ የሚነፋበት፣ አንድ ቦታ ላይ እኔ ራሴ እፍ የምልበት፣ እንዳለ። ኑሪያ ላከችው። መጠበቅ ሆነ። መቅደስ በስክሪኑ ላይ ጥያቄዋን ታስተካክላለች። እኔ ኪሴ ውስጥ የነበረ ቆሎ አወጣሁ፣ ማንም አልበላም። አምስት ሰዓት ሲያልፍ የኑሪያ ስልክ ጮኸ። ከስድስት ልጆች አራቱ በቦታው ነክተዋል። አንዷ አስቀድማ፣ አንዷ አሳልፋ። ያሳለፈችው ልጅ ድምፅዋን ልካለች፤ ኑሪያ ከፈተችው። "መምህር፣ ድጋሚ ላኪልኝ፣ አሁን ሳልይዘው አልተወውም" ትላለች።

መምህር ፈይሳ ያን ሲሰሙ ፈገግ አሉ። "እኔስ?" ብለው ራሳቸው ሞከሩ። አሁንም አሳለፉ፣ ስክሪኑ ቀላባቸው። "በሉ እኔም ተማሪ ነኝ" ብለው ብዕራቸውን አወጡና የስምምነቱ ወረቀት ላይ ፈረሙ። ኑሪያ ለአቦምሳ ፈረመች። መቅደስ ለበቆጂ ፈረመች። እኔንም ይፈርሙ አሉኝ፣ ድምፁ የእርስዎ ስለሆነ ፈቃድዎ ያስፈልጋል ብለው። ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምኩ። ለዶሮው ማን ይፈርም አለች ኑሪያ።

ቅዳሜ፣ መልስ

ስንመለስ ኑሪያ የቀረውን ማንጎ በሙሉ አሸከመችን። ሚኒባሱ ሌላ ነው፣ ረዳቱም ሌላ ነው፤ ቅሏን ግን ማንም አልጠየቀኝም፣ መቅደስ አቅፋት ነበር። ጭላሎ በግራ ሆነ። ዛሬ ደመና የለበትም። መቅደስ አየችው። ሳጉሬ ላይም ድንች እኔ ሳልላት ገዛች።

ቤት ስንደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ፋጡማ ያጠራቀመችው ወተት ረግቶ ማንኪያ የሚያቆም ሆኗል። "አስተማርሽ?" አለችኝ። "ተማርኩም" አልኳት፤ ማንጎ ሰጠኋት፣ ወደ ቤቷ ገባች።

እኔ ወገቤን አሞኛል። ደጅ ላይ ድንጋዩ ላይ ፀሐይ ልሞቅ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ውሃ ሲቀዳ፣ ዕቃ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ከዚያ ቦጭረቅ፣ ቦጭረቅ። መቅደስን ማንም አላዘዛትም። አናናጧ ትንሽ ፈጠን ይላል፤ ክንዷ ገና ነው፣ ቶሎ ይደክማታል ብዬ አሰብኩ። ቶሎ ቶሎ አትበይ ልላት ነበር፣ ተውኩት። ፀሐይዋ ከግድግዳው እስከ አጥሩ ሄደች። ሁለቴ አረፈች፣ ሁለቴ ቀጠለች። ቅሏ ታፈነች። ጎሽ፣ አሁን ከበደሽ አልኩ በልቤ። ብርድ ነው፣ አንድ ሰዓት አለፈ።

ከዚያ ሰማሁት። ዱብ። ዱብ።

ወጣ ልላት አፌን ከፍቼ፣ በእጄ ያዝኩት። ወደ ደብተርሽ ሂጂ ያልኩበት አፍ ነው፤ ዛሬ ዝም ይበል አልኩ። አንድ ጊዜ ገፋች። ሁለት ጊዜ ገፋች። ሦስተኛውን ስጠብቅ ቤቱ ጸጥ አለ።

ተነስቼ ገባሁ። መቅደስ ምድር ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷ ላብ በላብ ሆኖ፣ ጆሮዋን ወደ ጭኗ ዘንበል አድርጋለች። በቤቱ ውስጥ ከእኛ በቀር ማንም የለም፣ ካሜራም የለም። ቅሏ ግን ከአፏ እስከ ቂጧ በነጠላዬ ተሸፍናለች።